ቢጫው ላይ ቁሚ

እህትየው ውሻ አሠልጣኝ ናት። ጉልበቷ ከተሰበረ ወዲህ መሮጥ ስለማትችል፣ ከቡችላነቷ ያሳደገቻትን ዳማን የውሾች መሰናክል ውድድር ላይ የሚያሮጣት ታናሽ ወንድሟ ነው። አውቶቡስ ነጂ ነው፤ በሰፈሩ «ነፋሱ» ይሉታል፣ እሱም ስሙን አላሳፈረም።

ዳማ አጥር ስትዘልም ሆነ በጨርቅ ዋሻ ስትሾልክ እንከን አይወጣላትም። ጣጣው ድልድዩ ላይ ነው። ድልድዩ ሦስት ረጃጅም ሳንቃ ነው፤ መውጫ፣ መሄጃ፣ መውረጃ። የመውረጃው ጫፍ ቢጫ ተቀብቷል። ውሻዋ ቢጫውን ሳትረግጥ ዘላ ከወረደች ነጥብ ይቀነሳል፤ ከዚያ ከፍታ መዝለል የለመደ ውሻ ደግሞ አንድ ቀን መሰበሩ አይቀርም። ስለዚህ እህትየው ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ አስተማረቻት፤ የኋላ እግር ቢጫው ላይ፣ የፊት እግር መሬት፣ «ሂጂ» እስክትባል ንቅንቅ የለም። መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ በአንዲት አጭር ጣውላ፣ ቁራጭ ሥጋ በፊት እግሮቿ መሀል እያስቀመጠች፤ ቀጥሎ ደረጃ ላይ፤ ቀጥሎ ኳስ እያንከባለለችባት። ጎረቤቶቿ «ልጅ ብታሳድጊ ይሄኔ ትድሪው ነበር» እያሉ ተሳለቁባት።

ነፋሱ ግን ሰዓት ሲያይ አያስችለውም። ዳማ ገና ሳትቆም «ሂጂ!» ይላታል። ግማሽ ሰከንድ ይሰርቃል፣ ያሸንፋል፣ ዋንጫ ይዞ እየሳቀ ይመጣል።

«ውሻ ሞኝ መሰለችህ?» አለችው እህቱ። «ቤት ያለው ሕግ ሜዳ ላይ እንደማይሠራ እኮ ነው የምታስተምራት።»

«እትዬ ደሞ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ እኛ አረጀን።»

በሦስተኛው ውድድር ዳማ ማንም ሳያዛት ከቢጫው በላይ ዘለለች። እህትየው አበደች። የሁለት ዓመት ልፋቷን ውሃ ሲበላው ቆማ ያየች ሰው ብታብድ አይፈረድባትም። ከአጭሯ ጣውላ እንደገና ጀመረች፤ ሦስት ወር ፈጀባት። ወንድሟንም አስማለችው።

«ብንሸነፍም ታቆማታለህ። ሁለት ትቆጥራለህ። ከዚያ ነው ሂጂ የምትላት።»

«እሺ እትዬ። እናታችን ትሙት።»

ዳማ ስምንት ዓመቷን ልትደፍን ነበር፤ ለብሔራዊ ቡድን የመመረጥ የመጨረሻ ዕድሏ የዚያ ዓመቱ ማጣሪያ ውድድር ነው፣ የሚያልፈውም አንድ ውሻ። እህትየው ድልድዩ አጠገብ አጥሩን ይዛ ቆመች። ነፋሱ ቃሉን ጠበቀ። ከድልድዩ በፊት ባለው፣ እንደ ቤት ጣራ ሾጠጥ ባለው፣ መውረጃው እንደ ድልድዩ ቢጫ በተቀባው መሰናክል ላይ ዳማን ቢጫው ላይ አቁሞ፣ ከንፈሩ ሲቆጥር አየችው፤ አንድ፣ ሁለት። ኮራችበት።

ከዚያ የሰዓት ሰሌዳውን አየች። ዳማ ድልድዩ ላይ ወጥታለች፣ መሪው የገባበት ሰዓት ሊደርስ ነው። ሁለት ከተቆጠረ ነገሩ ያበቃል። ነፋሱ ግን እጁን ዘርግቶ ሊያቆማት ተዘጋጅቷል።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ሂጂ!» አለች እህትየው።

ዳማ ከመውረጃው አናት ላይ ተወረወረች። በትከሻዋ ነው ያረፈችው። ሕዝቡ እየጮኸ ስለነበር፣ ከውሻዋና ከወንድሟ በቀር ያንን ቃል የሰማ የለም።

የውድድሩ የእንስሳት ሐኪም ዳስሷት ሲነሳ ራሱን ነቀነቀ። «ትከሻዋ ወልቋል፣ እግሯም ተሰብሯል። ሩጫ የሚባል ነገር ከእንግዲህ አይታሰብም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ችኮላህ መቼ ነው የሚለቅህ?» አለ የክለቡ ሊቀመንበር። በክለቡ ውሻ ማሠልጠን የምታስተምራቸው የእህትየው ተማሪዎች ሁሉ ከበው ነፋሱን በዓይናቸው ይበሉታል።

ነፋሱ ዳማ አጠገብ ተንበርክኳል። ቀና ብሎ እህቱን አየና ጠበቃት። ምን እንደሚጠብቅ ታውቃለች። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ አፏ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጠቻት።

«ስንቴ ነገርኩህ!» አለችው፣ ሁሉም እየሰማ።

«ነግረሽኛል፣ እትዬ» አለ። ጃኬቱን አውልቆ ዳማን ጠቀለላትና አቅፏት ወጣ።

ተማሪዎቿ «አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊ!» እያሉ ሊያጽናኗት ከበቧት። እሷም ተጽናናች።