ለመኪናዋ መስኮት፣ ለእኔ ሰማይ

ውሻውን እንኳ ጠይቀውታል። አጋነነች የሚል ካለ ምራቴን ይጠይቃት፤ ለውሻው የመለሰችለት እሷ ናት። አርክቴክት የሚሉት ሰውዬ ቤታችንን አፍርሶ ሊያድስ መጥቶ፣ ሳሎን ተቀምጦ፣ እያንዳንዱን ሰው "ከዚህ ቤት ምን ይፈልጋሉ?" እያለ ይጠይቃል። ልጄ ለመኪናው መጠለያ አለ። ምራቴ እንደ ልብ የሚዞሩበት ወጥ ቤት አለች። የልጅ ልጄ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል አለች፤ ምን እንደምትቆልፍበት እግዜር ይወቅ። ከዚያ ምራቴ "ውሻችን ደግሞ ዝናብ የማይነካው ጥግ ይፈልጋል" ብላ ጨመረች። ሰውዬው ውሻውን በአክብሮት አየት አደረገውና ራሱን ነቀነቀ።

ተራው የእኔ ነበር። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ፣ ነጠላዬን አስተካከልሁ። አፌን ልከፍት ስል ልጄ ትከሻዬን አቀፍ አድርጎ "እማዬ ምንም አትፈልግም። እሷ እኮ ቅድስት ናት" አለ። ሰውዬው ለዚህም ራሱን ነቀነቀ። እኔም አፌን እንደከፈትሁ ቀረሁ።

እርግጥ ነው፣ ምንም አልፈልግም እላለሁ። የማትል እናት ካለች አሳዩኝ። ከገበያ ምን ላምጣልሽ ሲሉኝ ምንም። ብርድ ልብስ ልጨምርልሽ ሲሉኝ ምንም። ወግ ያለው ልጅ ግን "ምንም" ሲባል ደግሞ ይጠይቃል፣ ሲቀጥል ይለምናል፣ በመጨረሻ ሳይጠይቅ ይዞ ይመጣል። የእኔ ልጅ ይሄን ያህል ዓመት ተምሮ "ምንም" ሲባል እውነት ምንም ይመስለዋል። ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥሁት እኔ ነኝ፤ መሃይሙ ግን ማን እንደሆነ ለፈራጅ ትቼዋለሁ።

ስለ ሰውዬው ልናገር። ከአንገቱ እስከ እግሩ ጥቁር ይለብሳል፤ መጀመሪያ ቀን ሲገባ ማን ሞቶብን ነው ብዬ ደንግጫለሁ። ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርግና እንደ ሐኪም ጆሮውን ይለጥፋል። ሜትር አይዘረጋም፤ ቀይ ብርሃን የምትተፋ ትንሽ ዕቃ አለችው፣ እሷን ወደ ጥግ ይደግናል። አንድ ቀን አጠገቤ ቆሞ በረጅሙ ተነፈሰና "ይህ ቤት መተንፈስ አለበት" አለኝ።

"ሲተነፍስ ነው የኖረው" አልሁት። "ክረምት ሲገባ እንዲያውም ያስላል።"

ሳቀ። ልጠላው የወሰንሁትን ሰው ሳቁ እንዳያምርብኝ ብዬ ፊቴን አዞርሁ።

ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ የሰው ሥራ አላጣጥልም። በስተኋላ ያለውን ክፍል ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በገዛ እጁ ነው የሠራው። በካስማና በገመድ ለክቶ፣ ሰው ሳያማክር፣ ሦስት ጊዜ ከእኔ ጋር ተጣልቶ። ሰውዬው ከኪሱ ብይ አውጥቶ ወለሉ መሃል አስቀመጣት። ብይዋ ትንሽ አሰብ አደረገችና በራሷ ጊዜ ተንከባልላ፣ አልጋው ሥር ገብታ፣ ከግድግዳው ጋር ተሳለመች።

"ክፍሉ ዘሟል" አለኝ።

"ባሌም ዘመም ይል ነበር። ግን ወድቆ አያውቅም።"

"ክፍሉ ግን ይወድቃል፣ እማማ።"

አልተከራከርሁትም። ያ ግድግዳ ላይ የሰቀልሁት የባሌ ፎቶ እግሩን ከግድግዳው ነጥሎ እንደሚንጠለጠል ከማንም በፊት ያየሁት እኔ ነኝ። ቤት ያለ አርክቴክት ሠርተን አይተነዋል፤ የሆነውን ብይዋ ተናግራለች። ስለዚህ አርክቴክት ምን ያደርጋል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። እኔ የምለው፣ ሰው ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ራሱ ይጠየቅ ነው።

አሁን ስለ መስኮቴ። ሳሎኑ ፊት ለፊት፣ ወደ መንገዱ የሚያይ መስኮት አለ፤ ወንበሬ እዚያ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው። ፍራሽ የተሸከመ ሰው ከፍራሽ ተሸካሚ ጋር ከተገናኘ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ከመስኮቴ ትይዩ የጡሩምባ መስኮት ነው። ጡሩምባ ያልናት በድምጿ ነው፤ በጆሮህ ምስጢር ስትነግርህ ማዕዘኑ ላይ ያለው ባለሱቅ ይመልስልሃል። እንደኔው ባሏ ሞቶባታል፣ ልጆቿ ራቅ ብለው ነው የሚኖሩት፤ ብቻዋን ናት። ጠዋት ጠዋት መስኮታችንን እንከፍታለን።

"ዛሬም አለሽ?" ትለኛለች።

"አንቺን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ?"

"ፊትሽ አብጧል።"

"አንቺን ስላየ ነው።"

ምራቴ ባላንጣዎች እንመስላታለን። "እማማ፣ በዚህ ዕድሜ ብትታረቁ ምን አለ?" ትለኛለች። መች ተጣላን?

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት የጡሩምባ መስኮት ሳይከፈት ቀረ። ተጣራሁ። ዝም። ሰደብሁ። ዝም። እናቷን ጨምሬ ሰደብሁ። አሁንም ዝም። ስድብ ሳይመልስ የሚውል ሰው ጤነኛ አይደለም፤ ጡሩምባ ደግሞ ቁርስ ሳትበላ ትውላለች እንጂ ስድብ ሳትመልስ አትውልም። ልጄን ከአልጋው ጎትቼ አስነሳሁትና በሩን በትከሻው አስሰበርሁት። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ዳሌዋ ተሰብሮ አገኛት። እስከ ማታ ቆይታ ቢሆን አትተርፍም ነበር አለ ሐኪሙ። ከሆስፒታል ስትመለስ፣ በምርኩዝ መስኮቷ ድረስ ተጎትታ የተናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል "በሬን ሰበርሽው አይደል፣ ምቀኛ" የሚል ነው። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከእሷ አልጠብቅም።

እንግዲህ የዚያ መስኮት ነገር ይሄ ነው። ለሌላው መስታወት ነው፤ ለሁለታችን እስትንፋስ ነው።

ሰውዬው ሥራውን ጨርሶ የመጣ ቀን ሁላችንንም ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበን። ከካርቶን የተሠራ ቤት ይዟል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አይቼ አላውቅም፤ እጀታ ያለው በር፣ ቁምሳጥን፣ ክብሪት የምታህል ደረጃ። ጣሪያውን እንደ ድስት ክዳን ብድግ አደረገው። ውስጡ ትንንሽ የወረቀት ሰዎች ቆመዋል። ልጄ መኪናው አጠገብ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል፤ እውነቱን ለመናገር ከልጄ ይልቅ የወረቀቱ ደልደል ያለ ነው። ምራቴ ሰፊው ወጥ ቤት መሃል ናት። የልጅ ልጄ ክፍሏ ውስጥ ተቆልፋለች። ውሻው ጥጉ ላይ ተጋድሟል፣ ዝናብም አልነካው። ሁሉም አጎንብሰው ራሳቸውን እየፈለጉ፣ ሲያገኙት እያጨበጨቡ።

"እኔስ?" አልሁ።

ሰውዬው ፊቱ በራ። ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የቆየ ይመስላል። በጣቱ ጫፍ የቤቱን መሃል አሳየኝ። አራት ነጭ ግድግዳ ነው። መስኮት የለውም። መደርደሪያ የለውም። የጣሪያው አንድ ክፋይ ብቻ መስታወት ነው።

"ከሁሉም በላይ የተጨነቅሁበት ክፍል ይሄ ነው፣ እማማ። ምንም እንደማይፈልጉ ተነገረኝ። በሙያዬ እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ ሁሉም ሰው ጨምርልኝ ነው የሚለው። ስለዚህ ምንም ነገር የማይረብሽዎት ቦታ ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። የዝምታ ክፍል ነው። ሰው እንኳ ያላስቆምሁበት ባዶነቱ እንዲታይ ብዬ ነው።"

ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይላሉ። በሰውዬው ልፍረድበት ብል አልሆነልኝም። ምንም አትፈልግም አሉት፣ ምንምን አሳምሮ ሠራልኝ። ከዚህ የበለጠ ታማኝ ሠራተኛ የት ይገኛል?

"መስኮቱስ?"

"መስኮት አያስፈልገውም። ብርሃኑ ከላይ ነው። ተኝተው ሰማይ ይታይዎታል።"

"ሰማዩን በቅርቡ ጠግቤ አየዋለሁ፣ ልጄ። እስከዚያ የምፈልገው መንገዱን ነው። ይሄ ከፊት ያለው መስኮቴ የት ገባ?"

ልጄ ጉሮሮውን ጠረገ። "እማዬ፣ እሱ ጋ የመኪናው ማቆሚያ ነው የሚሆነው። ሌላ መግቢያ የለንማ።"

አጎንብሼ አየሁ። ወንበሬ ያለበት ቦታ ላይ የካርቶን መኪና ቆሟል። ከጎኑ ደግሞ ትንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ተበስቷል።

"ይህቺ ምንድን ናት?"

"መስኮት" አለ ሰውዬው፣ ድምፁ ቀነስ ብሎ። "ለ... የጭስ ማናፈሻ።"

"ለመኪናዋ መስኮት፣ ለእኔ ሰማይ።"

ማንም አልተነፈሰም፤ ቤቱ እንዲተነፍስ ነበር የታሰበው። ምራቴ "እማማ፣ እኛ እኮ የመንገዱ ጫጫታ እንዳይረብሽዎት ብለን ነው። ያቺ ሴትዮም ጠዋት ጠዋት..." ብላ ጀመረችና ልጄ በክርኑ ነካት። ልጄ ደግሞ ተራውን "አንቺ ራስሽ እኮ ምንም አልፈልግም ትያለሽ" አለኝ፣ ገና ሱሪ ሳይታጠቅ ሳህን ሰብሮ ያየኝ በነበረው ዓይኑ።

ከሹራቤ ላይ አንድ ቁልፍ በጠስሁ። ድሮም ሊወድቅ ደርሶ ነበር። የካርቶኑን መኪና በጣቴ ገፋ አደረግሁና ቁልፏን ቦታው ላይ አስቀመጥኋት።

"ይህቺ እኔ ነኝ" አልሁ። "ብሰበር ልሰበር፣ ወረቀት ግን አይደለሁም።"

ከዚያ ተነስቼ መስኮቴን ከፈትሁ።

ጡሩምባ እዚያው ናት፤ መቼ ትነሳለች። ምርኩዟን ጭኗ ላይ አጋድማ ጠብቃኛለች። ጥቁር ለባሹን በትከሻዬ አሻግራ አየችው፣ እጁ ላይ ያቺ ቀይ ብርሃን የምትተፋ ዕቃ አለች።

"ሳጥን ሠሪው ነው?" አለች። "ቁመትሽን ለካ?"

"የእኔን ጨርሷል። አሁን የተቸገረው በአንቺ ነው፤ አፍሽ የሚገባበት ሳጥን ጠፍቶት።"

"ለአንቺ ምላስ ብቻውን አንድ ሳጥን ያዘዝሽ መስሎኝ።"

ከኋላዬ ሰውዬው ሲያስል ሰማሁ። ሳቅ ነው፣ አውቀዋለሁ።

"ስሚ" አልኋት። "ይህን መስኮት ሊደፍኑት ነው። መኪና ሊያቆሙበት።"

ጡሩምባ ዝም አለች።

ያን ዝምታ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልጄም ያውቀዋል፤ በሩን የሰበረው ትከሻ የእሱ ነው። ዘወር ብዬ ሳየው ያንኑ ትከሻውን በእጁ ይዞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ ቆሟል። ምራቴም አላየችኝም።

ከመንገዱ ማዶ ጡሩምባ ቀስ ብላ ተናገረች፤ ቀስ ማለት መንደሩ በግማሽ ብቻ ሰማት ማለት ነው። "እና ጠዋት ማን ይሰድበኛል?"

ሰውዬው አጠገቤ መጣ። ራሱን በመስኮቱ አወጣ፣ ወደ ጡሩምባ አየ፣ ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ። እጁን መስኮቱ ደፍ ላይ ሲያሳርፍ ክርኔ በዓመታት ባጎደጎደው እንጨት ውስጥ ገባለት። ጣቱን ጉድጓዱ ውስጥ ሄድ መለስ አደረገ። የዚያን ቀን ግድግዳውን ኳ ኳ ሲያደርግ ይህን አላገኘውም ነበር።

"ይህን ለምን አልነገሩኝም?" አለኝ።

"መች ጠየቅኸኝ?"

"ልጅዎ..."

"ልጄ ከሆዴ ወጣ እንጂ አፌ ውስጥ አልተቀመጠም።"

ሰውዬው ጥቁር ኮቱን አስተካከለ። ልጄን አላየም፤ ይህን ወደድሁለት። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና "እማማ፣ ከዚህ ቤት ምን ይፈልጋሉ?" አለኝ።

ልማድ ክፉ ነው። "ምንም" የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር። ነከስኋት። በመንገዱ ማዶ ጡሩምባ አንገቷን እንደ ዳክዬ አስግጋ መልሴን ትጠብቃለች፤ እሷ ባትኖር አምልጣኝ ነበር።

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም" አልሁት። "ነቅንቃችሁታል፤ ባለቤቱ ግን አለሁ። የባሌን ክፍል አፍርሰው፤ ይፍረስ፣ ብይህ ልክ ናት። ወጥ ቤቱን አስፋው። የውሻውን ጥግ እንዳትነካ፤ ከእኔ ቀድሞ ነው የተጠየቀው። መኪናዋ ደጅ ትደር፤ ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ ጣሪያ አላት። ያን የዝምታ ክፍል ለልጄ ስጠው፣ ተኝቶ ሰማይ እያየ እናቱ ምን እንደምትፈልግ ያስብበት። አሁን እርሳስህን አውጣ። መጀመሪያ መስኮቱን ሣል፣ ሰፊ አድርገህ፣ ደፉን በክርኔ ልክ ዝቅ አድርገህ፤ ክርኔ ይኸው፣ በዚያች ዕቃህ ለካው። ሌላው ቤት ከተረፈው ቦታ ላይ ይግባ። እዚሁ፣ ጡሩምባ እያየችህ ሣል፤ ሳትጨርስ ከዚህ ወንበር አትነሳም።"