ስንዝር የቀረው ብርድ ልብስ

እታለም ቤት ውስጥ ያለቀ የእጅ ሥራ ፈልጎ ያገኘ ሰው የለም። ሶፋው ላይ ያለው ትራስ አራት ቁልፍ ሲገባው ሦስት ብቻ ነው ያለው። የጠረጴዛው ልብስ ሦስት ጎኑ ተቀምቅሞ አራተኛው ክሩ ተንዘርፍፏል። ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ የተሰቀለው ሽርጥ ባለ አንድ ማሰሪያ ነው፤ ሁለተኛው ማሰሪያ ተሰፍቶና ተተኩሶ ኪሱ ውስጥ ተቀምጧል። ወፍ የተጠለፈበት መጋረጃም አለ። ወፏ ሁለት ክንፍ፣ ሁለት እግርና ምንቃር አላት፤ ዓይን ግን የላትም። ስምንት ዓመት ሙሉ እንደታወረች መስኮቱ ላይ ተንጠልጥላለች።

ባሏ ጡረታ የወጣ የመብራት ሠራተኛ ነው። እግሩ ረጅም፣ ንግግሩ አጭር። "ይህች ሴት፣ መልአከ ሞት ቢመጣባት እንኳ 'አላለቀም፣ ሲያልቅ ተመለስ' ብላ ትሸኘዋለች" እያለ ይቀልድባታል።

በሙያዋ የሚጠራጠር ግን አልነበረም። ሠላሳ ዓመት የተማሪ ደንብ ልብስ ስትሰፋ ኖራለች፤ በእሷ እጅ ያለፈ ስፌት ልጁ አጥር ቢዘል ሱሪው ይቀደዳል እንጂ ስፌቱ አይተረተርም ይባልላታል። ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት አንድ ቁልፍ መትከል እንዴት አቃታት?

ነገሩ ወዲህ ነው። እታለም ይሉኝታ የሚባል በሽታ ነበረባት። ድሮ፣ ሥራዋን እየጨረሰች ዘርግታ በምታሳይበት ዘመን፣ እንግዳ መጥቶ "እጅሽ ይባረክ! ይሄንንማ ለእኔ ነው የሠራሽው" ካለ አለቀ፤ ልቧ ገና "እምቢ በይ" ሊላት ሲያስብ አፏ "ውሰጂው፣ ምን ችግር አለው" ብሎ ያርፈዋል። ከአፍ የወጣ አፋፍ። በዚህ ዓይነት ስንቱ ሄደ! አረንጓዴው ትራስማ ከእንግዳዋ ጀርባ ተስቦ ከነሙቀቱ ነው የሄደው።

አብዛኛው የሄደው ደግሞ ወደ አንድ ቤት ነው፤ ወደ ታናሽ ወንድሟ ቤት። የወንድሟን ሚስት ቤተሰቡ ሁሉ ሙሽሪት ይላታል። ሙሽራ ሆና ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፣ አራት ልጅ አሳድጋለች፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ይንቋቋል፤ ስሟ ግን እዚያው የሰርጓ ቀን ላይ ቀርቷል። በዚያ ዘመን ሙሽሪት መጥታ ባዶ እጇን የተመለሰችበት ጊዜ የለም።

ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ቀን ሙሽሪት ከሶፋው ላይ ትራስ አነሳች፣ አገላበጠች፣ "ይሄንንማ..." ብላ ጀመረችና የጎደለውን ቁልፍ አየች። "ውይ፣ ለካ አላለቀም" አለችና መልሳ አስቀመጠችው። ሻይዋን ጠጥታ ሄደች። እታለም በሩ ላይ ቆማ፣ የጠፋ ቁልፍ እንዳገኘ ሰው ለብቻዋ ሳቀች። ያላለቀ ነገር አይለመንም! ከዚያች ቀን ጀምሮ ምንም ነገር ጨርሳ አታውቅም።

ብልሃቱ ሠራ። ችግሩ፣ ያላለቀ ነገር እንደማይወሰድ ሁሉ የማይለበስም መሆኑ ነው። ይህ ከሁሉ በላይ የከነከናት በብርድ ልብሱ ጊዜ ነው።

ከሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሱቅ ወለል ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቅም ሦስት ዓመት ፈጅታለች። በግርጌው በኩል ጥቁር ሰማያዊ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ወደ ራስጌ ሲጠጋ ብርቱካናማ፣ መጨረሻው ላይ ቢጫ፤ ሊነጋ ሲል ያለውን ሰማይ ሰው አውርዶ አልጋ ላይ የዘረጋው ነው የሚመስለው። ከሥሩ ጥጥ ነስንሳ፣ ነጭ ገበር ሰጥታ፣ ሦስቱንም ድርብ የሩዝ ፍሬ በሚያካክል ስፌት አያይዛዋለች። በሕይወቷ እንደዚህ ያማረ ነገር ሠርታ አታውቅም። እንዲህ የምትፈልገው ነገር ኖሯትም አያውቅም። ከዙሪያው ጠርዝ አንድ ስንዝር ሲቀራት መርፌዋን ሰካችና በላስቲክ ጠቅልላ ከአልጋው ሥር ከተተችው። ሁለት ክረምት አለፈ።

"ድሪቶሽን አምጪው እንጂ፣ እግሬ ቀዘቀዘ" ይላል ባሏ፣ አሮጌው ግራጫ ብርድ ልብስ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሲያልቅበት።

"አላለቀም።"

"ስንዝር እኮ ነው የቀረው!"

"ስንዝርም ቢሆን አላለቀም።"

ምክንያቱን ለእሱም አልነገረችውም። ሰው ቢሰማው ስስታም የምትባል መሰላት። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች።

ዝምታዋን ያፈረሰባት በርጩማ ነው። ያችን ዓይነ ስውር ወፍ አጥባ ልትሰቅል በርጩማ ላይ ስትወጣ አዳለጣትና በቀኝ እጇ ወደቀች። ሐኪሙ አንጓዋን ጠቅልሎ አንድ ወር መርፌ እንዳትነካ አዘዛት። ወሬውን የሰማችው ሙሽሪት በማግስቱ ብርቱካን ይዛ ከተፍ አለች።

"እኔን እታለም! ይኼ ሁሉ ሥራሽ ጅምር ሆኖ ሊቀር?"

"ምን ቸገረኝ፣ ይቆያል።"

"ምን ሲባል! እሑድ መጥቼ አንድ በአንድ እጨርስልሻለሁ። ፖስታ ቤት የነበረችውን ጎረቤትሽንም እጠራታለሁ፣ እጇ ፈጣን ነው።"

"ኧረ አትድከሚ፣ እባክሽ!"

"ድካሙ ምኑ ላይ ነው? ስንት ዓመት ሙሉ የእጅሽን ሥራ ወስጄ!"

"አትጨርሱልኝ" እንዴት ይባላል? እታለም አፏን ከፈተች፣ የወጣው ግን "እግዜር ይስጥልኝ" ነበር።

እሑድ ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ሳሎኑን ያዙት። ሰፈሩ ፖስታ ቤቷ የሚላት ይህች ጎረቤት ግድግዳ ለግድግዳ የምትኖር፣ ደብዳቤ ስትለይ ዕድሜዋን የፈጀች ቀጭን ሴት ናት። ሥራዎቹን እንደ ደብዳቤ ደርድራ ለየቻቸው፤ ቁልፍ የጎደለው ወዲህ፣ ማሰሪያ የጎደለው ወዲያ፣ ቅምቅማት የቀረው መሐል ላይ። ባልየው የእጅ መብራቱን ይዞ መርፌ ቀዳዳ ላይ የማብራት ሥራ ተሰጠው።

"ቀስ በሉ እንጂ" አለ፣ "ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰምበሌጥ።"

"ጋሼ፣ ክሩን ያቀብሉ፣ ተረቱን ይተዉት" አለችው ሙሽሪት።

ሥራው ተቀላጠፈ። ትራሱ አራተኛ ቁልፉን አገኘ። ሽርጡ ሁለተኛ ማሰሪያውን ከኪሱ አውጥቶ ለበሰ። ለወፏ ፖስታ ቤቷ በጥቁር ክር ዓይን አወጣችላት፤ ትንሽ ተለቀባትና ወፏ መንገዱን አይታ የደነገጠች መሰለች።

"ትደንግጥ እንጂ" አለ ባልየው። "ስምንት ዓመት ምን እንዳመለጣት አሁን ገና አየች።"

ሳቁ ቤቱን ሞላው። እታለምም ሳቀች፤ በሥራው ማማር አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አንድ ነገር ባለቀ ቁጥር ግን አንድ ነገር ከቤት ሲወጣ ይታያታል። እንደፈራችውም ሙሽሪት የጠረጴዛውን ልብስ ቀምቅማ፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ወደ መስኮቱ ዘረጋችውና፣ "እጅሽ ይባረክ እታለም! ይሄንንማ ለእኔ ነው የሠራሽው" አለች።

"ውሰጂው፣ ምን ችግር አለው" አለ የእታለም አፍ።

ሙሽሪት የጠረጴዛውን ልብስ አጥፋ ከቦርሳዋ አጠገብ አኖረችው። ፖስታ ቤቷ ግን መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ የተደረደሩትን ሥራዎች ታያለች።

"እኔ ግን አንድ ነገር ገረመኝ" አለች። "ግማሽ ላይ የቆመ ሥራ የለም። ሩብ ላይ የቆመም የለም። ሁሉም የቆመው አፋፉ ላይ ደርሶ ነው። ሰው እንዴት በየሥራው እኩል ይሰንፋል?"

"ዓይኔ ይደክማል" አለች እታለም ቶሎ ብላ።

"አንዱንስ እኔ አውቀዋለሁ" አለ ባልየው፤ ማንም ሳያስቆመው ወደ መኝታ ቤት ገባና ላስቲኩን እየጎተተ ተመለሰ። "እንግዲህ ከመጣችሁ አይቀር እግሬን አድኑት።"

ብርድ ልብሱ ሶፋው ላይ ተዘረጋ። ፖስታ ቤቷ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና በጣቷ ጫፍ ነካችው። ሙሽሪት ተንበርክካ ከሰማያዊው እስከ ቢጫው በዓይኗ ወጣች።

"እንዴ እታለም... ይኼን ነው ሁለት ዓመት አልጋ ሥር የቀበርሽው?"

መርፌው እንደተሰካ ነበር። ሙሽሪት ነቀለችውና ዝገቱን ጠርጋ ክር ሰካችበት። ስንዝሯን ጀመረች። እታለም የታሰረ እጇን እቅፏ ውስጥ አድርጋ መርፌውን ታያለች። አራት ጣት ቀረ። ሦስት ጣት። ሙሽሪት እየሰፋች፣ "እጅሽ ይባረክ" ትላለች ለራሷ፣ "እጅሽ ይባረክ።" እታለም ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ታውቀዋለች። ሁለት ጣት። አፏም ተሰናድቶ ሲጠብቅ ተሰማት፤ ያ መልሱን ለብቻው የሚሰጠው አፏ። አንድ ጣት ሲቀር ከወንበሯ ተነሳች።

"ተይው! አይለቅ!"

ሙሽሪት መርፌዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች።

"ምነው? አበላሸሁት?"

"አላበላሸሽም። ካለቀ ትወስጂዋለሽ!"

በመጨረሻ አወጣችው። ስምንት ዓመት የታፈነ ነገር እንደሆነ አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ የቁልፉን፣ የማሰሪያውን፣ የወፏን ዓይን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። "ደስ እያለኝ የሰጠሁት መሰለሽ? እምቢ ማለት አቅቶኝ ነው! ይኼን ግን አልችልም። ይኼ የእኔ ነው" ስትል እንባዋ መጣ። ባልየው የእጅ መብራቱን ማጥፋት ረስቶ እግሩ ላይ ያበራል። ሙሽሪት ፊቷ ቀላ፣ ከዚያ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ጎኗን ይዛ ሳቀች።

"ያስቃል?" አለች እታለም ተቆጥታ።

"እኔንም ስሚኝ! በሰርጌ ማግስት ወንድምሽ አስቀምጦ ምን አለኝ? 'እህቴ ቤት ስትሄጂ የሠራችውን ሳትጠይቂ እንዳትወጪ፣ ሥራዬን ናቀች ብላ ትቀየምሻለች' አለኝ። አዲስ ሙሽራ ነኝ፣ ምን አውቄ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየተሳቀቅኩ ነው የጠየቅኩሽ። ወደዚህ ስመጣ መንገዱን ሁሉ 'ዛሬ ደግሞ ምን ልለምናት' ብዬ ነው የምጨነቀው!"

"ሳሎንሽን ሞልተሽው የለም እንዴ?"

"ሞልቼዋ! ሰው የሚቀመጥበት የለም፣ ትራስ ነው የተቀመጠበት። ወንድምሽ ቆሞ ነው ቴሌቪዥን የሚያየው! እንዳልሰጥ ያንቺ ነው፣ እንዳልጥል ያንቺ ነው። ትራሱ 'አላለቀም' ስትይኝ ስንቴ ተመስገን ብያለሁ!"

"እና እሱ፣ እኔ እንደምቀየም በምን አወቀ?"

"ልጅ ሳላችሁ የጠለፍሽውን መሀረብ ስላላደነቀ ሁለት ቀን አልቅሰሻል አሉ።"

"ስላላደነቀ?" አለች እታለም፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ እንዳለ። "አፍንጫውን ስለተናፈጠበት ነው እንጂ!"

ከዚህ በኋላ ሳቁን የሚያቆመው ጠፋ። ፖስታ ቤቷ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ታብሳለች፣ ባልየው ግድግዳውን ተደግፏል፣ ሁለቱ ሴቶች ደግሞ ብርድ ልብሱ መሐላቸው እንዳለ ተቃቅፈዋል። እታለም ሠላሳ ዓመት የፈራቻት ሴት ሠላሳ ዓመት እሷን ስትፈራ ኖራለች።

"በይ" አለች ሙሽሪት ትንፋሿን ሰብስባ፣ መርፌውን እያቀበለቻት፣ "የመጨረሻዋን አንቺ ስፊያት።"

"በግራ እጄ?"

"በጥርስሽም ቢሆን!"

ባልየው ከፊቷ ተንበርክኮ እንደ መብራት ገመድ ጠርዙን ወጠረላት። "ወደ እኔ... ዝቅ... ኤሌክትሪክ እንዳይዝሽ" አለ። መርፌው ሁለቴ ሳተ፣ አንዴም አውራ ጣቱን ወጋው። ስፌቱ ተንሻፎ ወጣ፣ የሩዝ ፍሬ ሳይሆን የባቄላ ፍሬ አክሎ። ክሩን ቋጠረች። አለቀ።

"ቆይ፣ ልፈትንሽ" አለች ሙሽሪት ቆማ፣ ወገቧን ይዛ። "እጅሽ ይባረክ እታለም! ይሄንንማ ለእኔ ነው የሠራሽው!"

"ውሰ..." አለ አፏ።

"እታለም!" ብለው ሦስቱም ጮኹባት።

አፏን በግራ እጇ ያዘች። ልቧ እስኪደርስ ጠበቀች። እጇን አነሳችና፣ "አልሰጥም" አለች። ቃሉ እንግዳ ስለሆነባት ደገመችው። "አልሰጥም! የእኔ ነው።"

አጨበጨቡላት። ሙሽሪት የጠረጴዛውን ልብስ ከቦርሳዋ አጠገብ አንስታ ቦታው ላይ መለሰችው፤ በሚቀጥለው እሑድ ሦስት ትራስ ይዛ እንደምትመጣና እምቢ ቢሏት በር ላይ ጥላ እንደምትሮጥም አስታወቀች። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ተብላ ባዶ እጇን ሄደች፤ ደረጃውን ስትወርድ እየሳቀች ነበር።

ፖስታ ቤቷም በሩን ልትወጣ ስትል እታለም ጠራቻትና ሽርጡን እጇ ላይ አኖረችው።

"ኧረ እኔ አልጠየቅኩሽም!"

"አዎ፣ አልጠየቅሽኝም። ለዚህ ነው የምሰጥሽ።"

ቀኑ ገና አልመሸም፤ ፀሐይ በመጋረጃው በኩል ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። እታለም ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ ዘረጋች፣ ቢጫውን ወደ ራስጌ፣ ሰማያዊውን ወደ ግርጌ። ባሏን ጫማውን አስወልቃ አስተኛችውና እሷም ከጎኑ ገባች። እግሩን አየችው፤ እስከ ጥፍሩ ተሸፍኗል፣ እንዲያውም ተርፏል።

"አንቺ ሴት" አለ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ "ሞቀኝ።"

"ሁለት ክረምት ቀዘቀዘኝ ስትለኝ አልነበረም?"

"አሁን እኮ ጠራራ ፀሐይ ነው። ትንሽ ልግለጠው?"

እታለም ጣቷን ጠርዙ ላይ እየሳበች ያችን የባቄላ ፍሬ የምታክል ጠማማ ስፌት ፈልጋ አገኘቻት። እጇ ሲድን ፈትታ ልታስተካክላት አስባ ነበር። አሁን ግን አሰበችና ተወቻት።

"አትግለጠው" አለች፣ እስከ አገጯ እየሳበችው። "ዝም ብለህ ሙቅ።"