የሐሙስ ዘይት

ደሳለች የባሏን ቱታ ሳፋው ውስጥ ከመንከሯ በፊት ኪሱን ገለበጠች። አንድ የዛገ ብሎን ወደቀ። ከእሱ ቀጥሎ በቡቱቶ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። ስትፈታው አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር የጎማ ቱቦ ሆኖ አገኘችው። አፉ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ቀይ ዘይት ደርቆ ተጣብቋል።

ሳሙናውን አስቀመጠችና ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች።

ሌላ ሴት ብትሆን አሮጌ ጎማ ነው ብላ ትወረውረው ነበር። ደሳለች ግን የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ፣ የመካኒክ ሚስት ናት። ግዛቸው ከመንግሥት ጋራዥ ሥራው በተረፈው ጊዜ ግቢያቸው ውስጥ የሰው መኪና ሲጠግን ቁልፍ የምታቀብለው እሷ ነበረች። ቱቦው የምን እንደሆነ አልጠፋትም። የመሪ ዘይት የሚመላለስበት ነው። መሪው በዘይት የሚሠራ መኪና ደግሞ በቀበሌያቸው ውስጥ ያለው አንድ ነው፤ የሲስተር አስቻለች ማርቼዲስ።

"ቱቦው ተሰንጥቋል፤ ከገበያም ጠፍቷል" ብሏት ነበር ግዛቸው። "እስኪገኝ ሐሙስ ሐሙስ እየሄድኩ ዘይት ልጨምርላት። መሪው ደርቆባት ከእንጦጦ ቁልቁለት ብትወርድስ? የሰው ነፍስ እኮ ነው።"

ደሳለችም አምናው ነበር። ሐሙሱ ክረምት ሲገባ ተጀመረ፤ መስቀል አልፎም አላለቀም። ከሥራ እንደወጣ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል፤ ሲመለስ ደግሞ ፊቱ በርቶ ነው የሚመለስ። የሚያንገበግባት ይኸው ነበር። ቀኑን ሙሉ መኪና ሥር ተጋድሞ የዋለ ሰው እንዴት ፊቱ ይበራል? ለእሷ የሚተርፋት ድካሙ፣ ለዚያች የሚደርሳት ብርሃኑ።

አሁን አሮጌው ቱቦ እጇ ላይ ነው። አሮጌው ከወጣ አዲሱ ገብቷል። አዲሱ ከገባ ታዲያ በየሳምንቱ የሚያፈሰው ምኑ ነው?

ቱቦውን መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ግዛቸው ለምሳ መጣ። ትንሿ ልጃቸው ሰርኬ አልጋው ላይ እየሳለች ነበርና ግንባሯን ዳሰሰና ተቀመጠ።

"ያቺ መኪና ዛሬም ታፈሳለች?" አለችው ደሳለች።

"የትኛዋ?"

"ስንት አለህ?"

"እ... የሲስተር ማለትሽ ነው? ታፈሳለች እንጂ። ቱቦው አልተገኘማ።"

"አልተገኘም?"

"ከአሰብ የሚመጣ ዕቃ አለ ብለዋል። በቃ፣ እሱን ነው የምንጠብቀው።" አለና ጉርሻውን እፍ እፍ አለበት።

"ሽሮው እኮ በርዷል፤ ምኑን ነው የምታበርደው?"

ግዛቸው ቀና ብሎ አያት። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ጉርሻውን ከተተበት። አብረው ሲኖሩ መስከሩን ታውቃለች፣ መቆጣቱን ታውቃለች፤ ዋሽቷት ግን አያውቅም ነበር። ስለማያውቅበትም ነው እንዲህ የተበላሸበት። ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቆም ብሎ፣ "የሰርኬን ደረት ቅባት ቀቢያት" አለና ሄደ።

ቀኑ ሐሙስ ነው። የሥራ መውጫ ሰዓት ሲቃረብ ልጅቱን ለጎረቤቷ ለሙኒያ አደራ ሰጠች። ከአባቷ ሽመና የተረፈ ነጭ ብጥስጣሽ ጨርቅና አንድ ካቻቢቴ ዘንቢል ውስጥ ከታ ወጣች። ከእሱ ቀድማ መድረስ አለባት። ሴትዮዋንም መኪናውንም ለብቻቸው ልታያቸው ነው።

ቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ላይ የአብዮት ጥበቃው ባጫ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ቆሎ ይቆረጥማል። ለስኳር የተሰለፉት ሴቶች ፊት ነበር የጠራት።

"ወይዘሮ ደሳለች! ምነው፣ ዛሬ ሐሙስን አንቺ ልትሄጂበት ነው?"

ሴቶቹ ሳቁ።

"ምን ልትል ነው ጓድ ባጫ?"

"ኧረ ምንም! አንድ መኪና ክረምቱን ሙሉ ሲጠገን አይቼ አላውቅማ። አይሮፕላን ቢሆን ይበር ነበር። ባልሽ ሊጠግናት ነው ወይስ ሊያገባት?"

"አፍህን ያዝ!"

"ቀልዴን ነው። ለነገሩ ዛሬ እኔም ጎራ እላለሁ። በዚያ በኩል ጴንጤዎች ተደብቀው ይሰበሰባሉ የሚል ጥቆማ ደርሶናል። እስቲ ያንን ማርቼዲስም በዓይኔ ልየው፤ ቢድን ደግ፣ ካልዳነ እንቀብረዋለን።"

ጴንጤ ያለውን በቅጡ አልሰማችውም። ባለፈው ወር በዚሁ ሰበብ ከወንዙ ማዶ አንዱን አባወራ ከነሚስቱ ወስደዋቸው ልጆቹ ለአያት መቅረታቸውን አውርታ፣ አልቅሳ ነበር። ዛሬ ግን ጆሮዋ ውስጥ የቀረው "ሊያገባት" የሚለው ብቻ ነው። አንገቷን ደፍታ ዳገቱን ተያያዘችው። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መንገድ ሲለቁላት እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አላለችም።

በሩን የከፈተችላት ራሷ ሲስተር አስቻለች ናት። ባሏ ሞቶ መኪናውንና ቤቱን የተወላት፣ ቀን ሐኪም ቤት እየሠራች ማታ ለሰፈሩ ሰው መርፌ የምትወጋ ጠይም ሴት ናት። ደሳለች መጀመሪያ ያየችው እጆቿን ነው። ጥፍሮቿ ተከርክመው ነጭ ሆነዋል። የራሷን፣ ሳሙና የበላውን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

"ደሳለች ነሽ፣ አይደል?" አለች ሲስተር። "ግቢ እንጂ እህቴ። የሰርኬ ሳል ተሻላት?"

የልጇ ሳል እዚህ ድረስ መጥቷል!

"ባለቤቴ ልኮኝ ነው። እሱ እስኪደርስ መኪናውን ጠራርገሽ ጠብቂኝ ብሎኝ ነው" ብላ ዋሸች። ውሸቱ ከባሏ ይልቅ ቀናላት።

ሲስተር አመነታች። ወደ ቤቱ ዞር ብላ አየች፤ መጋረጃው ተጋርዷል። "እንግዲያው እሺ" አለችና ግቢው ውስጥ ወደ ቆመው መኪና ገብታ ሞተሩን አስነሣች።

ደሳለች ኮፈኑን ከፍታ አጎነበሰች። ዘይት ተንኮለኛ ነው ይላት ነበር ግዛቸው፤ የሚንጠባጠብበት ሌላ፣ የሚነሣበት ሌላ። በብረቱ ላይ ተንሸራቶ ሩቅ ሄዶ ነው የሚወድቅ። መጀመሪያ ጥረጊው፤ ከዚያ ዓይንሽን ሳትነቅዪ ከላይ ጀምረሽ ጠብቂው። በነጩ ጨርቅ ፓምፑን ጠረገች፣ ቱቦዎቹን ጠረገች።

"መጀመሪያ ወደ ግራ ነው አይደል የማዞረው?" አለች ሲስተር ከውስጥ። "ግዛቸው ሁሌ ከግራ ነው የሚያስጀምረኝ።"

"ከፈለጉት ይጀምሩ!" አለች ደሳለች ጥርሷን ነክሳ።

መሪው ሲዞር ዘይቱ ብቅ አለ። ከፓምፑ አይደለም፤ ከቱቦውም ሆድ አይደለም። ቱቦው አዲስ ነው፤ ሳይጠወልግ ያብረቀርቃል። ዘይቱ የወጣው ቱቦው ፓምፑ ላይ ከሚገባበት አፍ፣ ከብረት ማሰሪያው ሥር ነው። ማሰሪያው ላልቷል። የብሎኑ ራስ ላይ ዝገቱ ተፍቆ ብረቱ ነጥቷል፤ ካቻቢቴ የተመላለሰበት፣ ትኩስ ነው።

ማሰሪያ ሐሙስ እየጠበቀ ራሱን አይፈታም። ሰው ይፈታዋል። የባሏን እጅ ደግሞ ታውቀዋለች፤ ግዛቸው ያጠበቀው ማሰሪያ ዓመት ቢያልፈው አይላላም።

ካቻቢቴዋን አወጣችና የአንገቷ ሥር እስኪገታተር አጠበቀችው። ጠረገች፤ ጠበቀች። ሲስተር መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዞረች። አንድ ጠብታ አልወጣም።

"ያጥፉት" አለች ደሳለች እጇን እየጠረገች። "መኪናዎ ድኗል። ከእንግዲህ ባሌ እዚህ ምንም ሥራ የለውም።"

ደስ ይላታል ወይ ታፍራለች ብላ ስትጠብቅ፣ ሲስተር አመድ መሰለች።

"ምን አደረግሽ?"

"አዳንኩልዎታ! ምነው፣ መዳኑ ቅር አለዎት?"

በዚህ መሃል በሩ ተንኳኳና ግዛቸው የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ገባ። ሚስቱን ሲያይ ቦርሳው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ደሳለች የተሰነጠቀውን ቱቦ ከመቀነቷ አውጥታ እግሩ ሥር ወረወረችው።

"ከአሰብ መጣልህ!"

"ደሱ—"

"ማሰሪያውን የሚፈታው ማን ነው?"

ግዛቸው ሲስተርን አየ፤ መሬቱን አየ። "እኔ ነኝ" አለ።

"ሰው ሊጠግን ይፈታል። አንተ ጠግነህ ትፈታለህ? ለዚች ሴትዮ ብለህ የልጆችህን—"

"ቀስ በይ፤ ስለ እግዚአብሔር ቀስ በይ።"

"ቀስ አልልም! ጉለሌ ሁሉ ይስማ!"

ሲስተር ክንዷን ያዘቻት። ደሳለች ልትመነጭቃት ስትል ሴትዮዋ የቤቱን በር ገፋ አደረገችው። "ግቢና እዪ" አለች በሹክሹክታ።

ውስጥ፣ መርፌ ተራ የሚጠብቁ መስለው አግዳሚው ላይ የተደረደሩ ሰዎች ነበሩ። ጠርዝ ላይ የተቀመጡት አዛውንት እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። በዚያው በተጠቀለለው እጃቸው መጽሐፍ ቅዱስ ይዘዋል። ሁሉም በፍርሃት ያዩዋታል። አንዲት ሴት ደግሞ እንባዋ በጉንጯ ላይ ሳይደርቅ ፈገግ አለችላትና፣ "የሰርኬ እናት ናት" አለች አጠገቧ ለተቀመጠችው።

ደሳለች በሩን መልሳ ዘጋችው። ሄዳ መኪናው ላይ ተደገፈች። አሁን ገና ነው የባጫ ነገር የገባት።

"ጴንጤ ሆንክ?"

"የምጸልይበት ቦታ ነው ያገኘሁት" አለ ግዛቸው። "ሞተሩን ሳስነሣ ዝማሬው ወደ ውጪ አይሰማም። መኪናው ከዳነ ደግሞ በየሳምንቱ ምን ላድርግ ብዬ እመጣለሁ? እነሱ በመርፌ ሰበብ ይመጣሉ፤ እኔ ጤነኛ ነኝ።"

"እሑድ ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመውስ?"

"እሱም ከልቤ ነው።"

"እሷ ታውቃለች።" ደሳለች በአገጯ ወደ ሲስተር ጠቆመች። "ያ ሽማግሌ ያውቃል። ያቺ የማላውቃት ሴትዮ የልጄን ስም ታውቃለች። እኔ ነኝ የማላውቀው?"

"ቢይዙኝ አንቺን ይጠይቁሻል። አላውቅም ብትዪ እውነትሽን እንዲሆን ነው። ልጆቹ እናት እንዳያጡ ብዬ ነው።"

"አለማወቅን ነው ያመጣህልኝ? ስጦታ አድርገህ?"

ሌላ ሴት ብቻ ብትሆን ኖሮ ደሳለች መላውን ታውቅበታለች፤ ፀጉሯን ይዛ ከዚህ እስከ ዊንጌት ትጎትታታለች። ይሄንን ግን ምኑን ይዛ ትጎትተው? የሚያበራ ፊቱን እነዚያ ሁሉ ሲያዩት እሷ ጀርባውን ስታጥብ ኖራለች። ቅናቱ አልወጣላትም፤ እንዲያውም ቦታ ቀይሮ ጠለቀ።

በሩ በጠመንጃ ሰደፍ ተደበደበ።

"ክፈቱ! ባጫ ነኝ! ያችን መኪና ላያት መጥቻለሁ!"

ውስጥ አግዳሚው ተንቋቋ። ሲስተር መሃል ግቢው ላይ ቆመች፣ ወዴት እንደምትሄድ ጠፍቷታል። ግዛቸው ኮፈኑ ውስጥ የደረቀውን የአዲሱን ቱቦ አፍ አየ፤ ደሳለችን አየ፤ ከዚያ በሩ እንዳይሰበር ወደዚያው ሄደ። "መጣሁ፣ መጣሁ ጓድ! ቁልፉ ነው ያስቸገረኝ!" እያለ መወርወሪያውን ያንኳኳል።

ደሳለች ከተከፈተው ኮፈን ፊት ብቻዋን ቀረች። ማሰሪያው ጠብቋል። ዘይት የለም። የመጣችበት ጉዳይ እጇ ላይ ነው፤ ዝም ብላ ብትቆም ባጫ መኪናው መዳኑን አይቶ ይስቃል፣ ከዛሬ ወዲያ ሐሙስ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ግዛቸው ከሥራ በቀጥታ ቤቱ ይገባል። ልጆቿ አባታቸውን ይዘው ያድራሉ። እናት ከዚህ ሌላ ምን ትፈልጋለች? ነገር ግን ባጫ የሚያየው መኪናውን ብቻ አይሆንም። ሥራ የሌለው መካኒክ እዚህ ምን ይሠራል ብሎ የቤቱን በር የከፈተ እንደሆነስ? ደግሞም... ደግሞም ያ ፊት እቤት ውስጥ ቢጠፋስ? ጠፍቶ ዓመት ሙሉ እሷ ፊት የበረደ ሽሮ እፍ ቢልስ?

መወርወሪያው ተሳበ።

ደሳለች ካቻቢቴውን ብሎኑ ላይ አሳረፈችና ወደ ግራ አዞረችው። አንዴ፤ ከዚያ ደግማ። ዘይቱ ቀስ ብሎ ብቅ አለና ጣቷ ላይ ፈሰሰ።

"አላለቀም እንዴ?" አለ ባጫ እየገባ።

"ምኑ ያልቃል!" አለች ደሳለች ቀዩን እጇን ወደ ላይ አንሥታ። "ይኸው ታፈሰዋለች። ባሌ ብቻውን አልቻላትም ብዬ ነው ራሴ የመጣሁት።"

ከዚያ የመኪናውን በር ከፈተችና መሪው ጋ ተቀመጠች። በመስኮቱ ብቅ ብላም ሲስተርን ዓይን ዓይኗን አየቻት።

"እርስዎ ሕመምተኞችዎ ጋ ይግቡ ሲስተር" አለች። "ለባሌ መሪውን እኔ እይዝለታለሁ።"