ሁለት ውሃ ያላት ከተማ

የከተማዬን ስም አልጠራም። ሰባት ዓመት ሙሉ ደመወዝ እየተከፈለኝ ስጠራው ኖሬያለሁ፤ አሁን በነጻ የምጠራበት ምክንያት የለኝም። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ በየዓመቱ አንድ ሰፈር የምትጨምር ከተማ ናት ካልኩ ይበቃል። ሥራዬ በከተማዋ የኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ባለሀብት መሳብ ነበር።

መጻፍ እችልበታለሁ። ደረቅ ወደቡ ቅርብ መሆኑን፣ ሐይቁን፣ በዛፍ ጥላ የተሸፈነውን የኮብልስቶን መንገድ፣ ሆስፒታሉን፣ ሁለቱን ኮሌጆች አሳምሬ በበራሪ ወረቀት ጽፌያለሁ፤ ያንን አንብቦ የመጣ ሰው ብዙ ነው። እኔን ግን አንዳቸውም አላዩኝም። እንግዳ ሲመጣ አለቃዬ አቶ ማናሴ እኔን ፋይል አሸክመው ከኋላ ያስከትሉኝና ትህትናን በሩ ላይ ያቆሟታል። ትህትና መልካም ልጅ ናት፤ የኢንቨስትመንት አዋጁን ግን ከእኔ እየጠየቀች ነው የምታውቀው። የተመረጠችው የበቆጂ ልጅ ስለሆነች ነው። የደጋ ውሃ ጠጥታ ስላደገች ጥርሷ ነጭ ነው። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ የእኛ ጥርስ በልዟል።

ይሄንን ደንብ አድርጎ የጻፈው ማንም የለም፤ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን። የጉድጓድ ውሃችን ፍሎራይድ አለበት። አይታይም፣ አይሸትም፣ ቢያፈሉትም አይጠፋም። በልጅነቱ የጠጣው ሰው ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ ዕድሜውን ሙሉ የጠጣው ደግሞ ሲያረጅ አጥንቱ ይደርቃል። አባቴ በመጨረሻ ዘመኑ ወደ ጎን ማየት ሲፈልግ አንገቱ እምቢ ስለሚለው መላ ሰውነቱን ነበር የሚያዞረው። ሰው ሲስቅ እየሳቀበት መስሎኝ እናደድ ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት የወንዝ ውሃ ተጣርቶ በመስመር ከተማችን ገባ። መጠኑ ትንሽ ስለነበር የደረሰው ለአንድ ሰፈር ብቻ ነው። ባለቤቴ የምስራች ማርገዟን በነገረችኝ ሳምንት ሰፊውን ቤታችንን ለቅቄ እዚያ ሰፈር ሁለት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። የምስራች የአሰላ ልጅ ስለሆነች ችኮላዬ አልገባትም ነበር፤ አዳማ ድረስ ይዣት ሄጄ የጥርስ ሐኪሙ እንዲያስረዳት አደረግኩ። “ልጁ እስከ ስምንት ዓመቱ የሚጠጣው ነው የሚወስነው” አለን ሐኪሙ። “ያንን ካለፈ ጥርሱ የራሱ ነው።”

ልጃችን ሚልካ አሁን ሦስት ዓመቷ ነው። አምስት ዓመት ነበር የቀረኝ። ከዚህ ዓለም የፈለግኩት እነዚያን አምስት ዓመታት ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም አልለመንኩም።

በጥቅምት አንድ የጭማቂ ፋብሪካ ወኪል ከአዲስ አበባ መጣ። ስሙ ሰይፈሚካኤል ይባላል፤ ሃምሳ የሚሆነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው። ተሠርቶ አራት ዓመት ባዶውን የቆመ ሼድ ነበረን፤ አቶ ማናሴ በዚያ ሼድ ምክንያት በየስብሰባው ሲወቀሱ ስለኖሩ ያን ቀን ከእንግዳው ጎን አልራቁም። ሐይቁን አሳየነው። ሆስፒታሉን አሳየነው። ሠራተኞቹ ልጆቻቸውን የት እንደሚያስተምሩ ማየት እፈልጋለሁ ሲል ትምህርት ቤት ወሰድነው፤ እዚያ የአንደኛ ክፍል ልጆች በነጭ በነጭ ጥርሳቸው እየሳቁ ዘመሩለት።

ሰይፈሚካኤል አጨበጨበና ዞር ብሎ፣ “አምስተኛ ክፍሎቹስ የት ናቸው?” አለ።

“ፈተና ላይ ናቸው” አሉ አቶ ማናሴ።

“በጥቅምት?”

ሰይፈሚካኤል ዓይኑን እያንከራተተ ፋይል ታቅፌ ከኋላ የቆምኩት እኔ ላይ አሳረፈ። የዚህ ከተማ ልጅ መሆኔን ጠየቀኝ፤ ነኝ አልኩት። “እስቲ አፍህን ክፈት” አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ፤ አልቀለደም። ከፈትኩ። ነገሌ ገበያ ላይ በሬ የሚገዛ ሰው እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ አየኝና ቀና አለ። እፍረቱ እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ ይሰማኛል።

“የወተት ጥርስ አሳይታችሁ ልትሸኙኝ ነበር” አለ፤ አልተቆጣም። “አቶ ማናሴ፣ ጭማቂ ማለት ውሃ ነው። ይሄን ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ ለሰው ልጅ አልሸጥም። ደህና ዋሉ።” ወደ መኪናው መራመድ ጀመረ።

አቶ ማናሴ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። የተናገርኩት እኔ ነኝ። እንግዳ ሲያናግረኝ በሰባት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ስለነበር ይሁን፣ ያ እፍረት አንገብግቦኝ ይሁን አላውቅም፤ ብቻ ድምፄን ከፍ አድርጌ “ሌላ ውሃ አለን” አልኩ። “የወንዝ ውሃ አለን፤ የላብራቶሪ ውጤቱ እዚህ ፋይል ውስጥ ነው። ልጄ የምትጠጣው እሱን ነው።”

ሰውየው ቆመ። ፋይሉን ተቀብሎኝ እዚያው ፀሐይ ላይ ሦስት ገጽ አነበበ። ከዚያ ስንት ቤት እንደሚጠጣው ጠየቀኝ። ስድስት መቶ ገደማ አልኩት።

“ለሁላችንም ይበቃል?”

“የማስፋፊያ ዕቅድ አለ” አልኩ። ዕቅዱ እውነትም አለ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በጀት ግን ኖሮት አያውቅም።

ፋይሉን ዘጋና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። “ድርጅታችን ከሰው ጋር መስመር አይጋራም” አለ በለሆሳስ። “እሱን ከአቶ ማናሴ ጋር እንነጋገርበታለን።” ምን እንደሠራሁ የገባኝ ያኔ ነው።

በሳምንቱ አቶ ማናሴ ቢሯቸው ጠርተው ወንበር ሰጡኝ፤ ከዚያ በፊት ቆሜ ነበር የምሰማቸው። የስምምነት ደብዳቤውን እንድጽፍ አዘዙኝ።

“ሰፈሩስ ጋሼ?” አልኳቸው።

“ለጊዜው ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል።”

“ለስንት ጊዜ?”

“እስኪሰፋ ነዋ። ስማ ጋሮምሳ፣ እኔና አንተ ስንት ዓመት ጠጣነው? ሞትን?” አቶ ማናሴ የፊት ጥርሳቸውን አዳማ ሄደው በነጭ አስለብሰዋል። ከንፈራቸው ሲገለጥ ያየሁት ያንን ነው። “አራት መቶ ወጣት ሥራ ሊይዝ ነው” አሉኝ። “በአንተ አንደበት የተገኘ ነገር ነው፤ ይሄንን ማንም አይረሳልህም።”

ጻፍኩት። “ለፋብሪካው ብቻ የተለየ፣ የማይቋረጥ፣ የተጣራ የመጠጥ ውሃ” የሚለው ሐረግ የእኔ ነው። ባልጽፈው ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር ብዬ አላመካኝም፤ በዚያ ቢሮ ሌላ መጻፍ የሚችል አልነበረም። ፈራሁ። ከሥራ ብባረር የዚያን ሰፈር የቤት ኪራይ በምን እከፍላለሁ ብዬ ፈራሁ። እዚያ ሰፈር የምንኖረው ለውሃው ብቻ እንደሆነ በፍርሃቴ መሐል ረስቼው ነበር።

ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ሁለት ቀን አልፈጀም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ፓስተሩ ፋብሪካው እንዲመጣልን ስንጸልይ የኖርነው ጸሎት መመለሱን ተናገረና እኔን በስሜ ጠርቶ አስነሳኝ። ሥራ ፈት ልጆች ያሏቸው እናቶች እያለቀሱ አመሰገኑ፤ አንዲት ሴት እጄን ስማ አልለቅም አለች። የምስራች ከመዘምራኑ መሐል ታየኛለች፤ ዓይኗ በደስታ እንባ ሞልቷል። እስከዚያ ቀን ድረስ ባሌ ይሄን ሠራ ብላ የምታወራው ነገር አልነበራትም። እቤት ስንደርስ እነግራታለሁ ብዬ ነበር። እቤት ስንደርስ ዶሮ አሳርዳ ነበር ያደረችው፤ ጎረቤቶቹም ተጠርተዋል። አልነገርኳትም።

በማግስቱም አልነገርኳትም። ወራቱ እንዲሁ አለፉ። ማሽን የጫኑ መኪኖች ከደረቅ ወደቡ እየተመላለሱ ሼዱ ውስጥ ያራግፉ ጀመር፤ እኔ በአጠገባቸው ሳልፍ ወደ ሌላ አቅጣጫ አይ ነበር። ሚያዝያ ላይ አዲስ ቱቦ የሚቀበርበት ቦይ ከሰፈራችን ጫፍ እስከ ፋብሪካው አጥር ተቆፈረ። ጎረቤቶቼ የማስፋፊያው ሥራ ተጀመረ ብለው እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። አሜን አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል?

ግንቦት ሲገባ አላስችለኝ አለና ኦቦ ዳዊ ዘንድ ሄድኩ። ኦቦ ዳዊ የከተማውን የውሃ መክፈቻና መዝጊያ ሁሉ የሚቆጣጠሩ፣ ከአባቴ ጋር አብረው የሠሩ ሽማግሌ ናቸው።

“አካም ጅርታ፣ ልጄ” አሉኝ። የመጣሁበትን ሳልነግራቸው ገባቸው።

“መቼ ነው የሚዘጋው?”

“ቀን አልነገሩኝም። ማስታወቂያም አታወጡም ተብለናል። ሰው ቀምሶ አይለየውም፣ ምን ያስጮኸናል አሉ።” ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። “ሠላሳ ዓመት ውሃ ዘግቼ ስከፍት በድብቅ አድርግ ያለኝ ሰው አልነበረም፣ ጋሮምሳ።”

“ለእኔ ግን ይነግሩኛል አይደል? ትንሽ ልጅ አለችኝ።”

ትክ ብለው አዩኝ። ሌሎቹስ ምን አላቸው ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላሉኝም። “እነግርሃለሁ” አሉ። በሳምንቱ ዕረፍት ውጡ ተብለው ወደ ልጆቻቸው ወደ አቦምሳ መሄዳቸውን ሰማሁ። ስልካቸው አይሠራም። በቦታቸው የተመደበውን ሰው የሚያውቅ የለም። ያኔም ቢሆን ለየምስራች መንገር እችል ነበር። ቀኑን ካወቅኩ በኋላ ይሻላል እያልኩ ራሴን አታለልኩ፤ ምን እንደሚሻል ግን አስቤው አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ቀን ቆጠርኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ራስ ምታት ይዞኝ ቀደም ብዬ ወደ ቤት ተመለስኩ። የምስራች ግቢ ውስጥ በቧንቧው ሥር ሳፋ አስቀምጣ ሚልካን እያጠበቻት ነበር። ሚልካ አረፋ ተሞልታ በፕላስቲክ ኩባያ ከቧንቧው እየቀዳች ትጠጣለች፣ የተረፈውን በራሷ ላይ ታፈሳለች፣ ትስቃለች።

“ና እየው ጋሮ” አለችኝ የምስራች ደስ ብሏት። “ከሰኞ ጀምሮ ውሃ ማሞቅ ቀረልኝ። ለብ ብሎ ይመጣል። ጎረቤት ሁሉ ጉድ እያለ ነው፤ ዱሬቲ አራስ ልጇን እሳት ሳታነድ ነው የምታጥበው።”

እጄን ከቧንቧው ሥር አደረግኩ። የወንዙ ውሃ በግንቦትም ቢሆን ቀዝቃዛ ነው። ከነሙቀቱ የሚወጣው ከጉድጓዱ ነው፤ የእኛ አገር መሬት ሆዷ ትኩስ ነው። እናቴ እኔንም በዚያ ውሃ አጥባ አሳድጋኛለች። ዕለቱ ዓርብ ነበር። አምስት ቀን ጠጥታዋለች ማለት ነው።

ኩባያውን ከሚልካ እጅ ቀማኋት። ደንግጣ አለቀሰች። የምስራች ምን ሆነሃል ብላ ጮኸችብኝ፤ ያኔ ነገርኳት። ትምህርት ቤቱን፣ ፋይሉን፣ ደብዳቤውን፣ ኦቦ ዳዊን፣ ሁሉንም። አላቋረጠችኝም። ቧንቧውን ዘጋች፣ ሚልካን በፎጣ ጠቀለለቻት፣ አረፋው ሳይለቅ።

“ከጥቅምት ጀምሮ ታውቃለህ” አለችኝ።

“አውቃለሁ።”

“ቤተ ክርስቲያን ሲያስነሱህም ታውቅ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

ሚልካ ማልቀስ አላቆመችም፤ ውሃ፣ ውሃ ትላለች። የምስራች ወደ ውስጥ ገብታ ማሰሮውን፣ ቴርሞሱን፣ ጀሪካኖቹን ሁሉ አየች። ሁሉም ከሰኞ ወዲህ የተቀዳ ውሃ ነው። ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። “ምን ላጠጣት?” አለችኝ። አሁን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። “ንገረኝ እንጂ። አንተ አዋቂው ሰው፣ አሁን ይቺን ልጅ ምን ላጠጣት?”

ከሱቅ ዛሬ የታሸገ ውሃ ገዛሁ እንበል፤ ነገስ? አምስት ዓመት? ይሄንን ስታስብ ፊቷ ላይ አየሁት። ቢጫውን ጀሪካን አንስታ ያለውን ውሃ መሬት ላይ አፈሰሰችና እግሬ ሥር አኖረችው።

“ሂድ ፋብሪካህን ለምነህ አምጣላት” አለች።

ጀሪካኑን ይዤ ወጣሁ። የፋብሪካው በር ከቤታችን አሥር ደቂቃ አይሞላም። አሥሩንም ደቂቃ፣ በቀኝም በግራም፣ በየግቢው ቧንቧ ሲንፎለፎል፣ እናቶች ልጆቻቸውን እያጠቡ ሲያጫውቱ ይሰማኛል። ዱሬቲ በአጥሯ ላይ ብቅ ብላ በሰላም ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በሰላም ነው አልኳት፤ አንድም በር ሳላንኳኳ አለፍኩ።