ለማሙሸት አንድ ክንድ

መርካቶ የሚነዳ ሰው መብራት ላይ በራሱና ከፊቱ ባለው መኪና መካከል ቦታ አይተውም። የመንጃ ፈቃድ አስተማሪዎች የፊተኛው መኪና ጎማ እስኪታይህ ድረስ ራቅ ብለህ ቁም ይላሉ። እንዲህ የሚሉት አብነት ሰፈር መብራት ላይ በዘጠኝ ሰዓት ቆመው ስለማያውቁ ነው። ጎማ እስኪታይህ ከራቅህ አንዱ አፍንጫውን ያስገባል፣ ሌላው ይከተለዋል፣ አንተም አረንጓዴውን ሦስቴ እያየኸው እዚያው ታረጃለህ። የጭነት መኪና ሾፌሩ ጠሃ ቦታ በመተው አይታማም። ከመርካቶ ጨርቅና ፕላስቲክ ሲያመላልስ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በእሱና በፊተኛው መኪና መካከል ወረቀት አይገባም እየተባለ ይቀለድበት ነበር፤ እሱም ቀልዱን እንደ ምስጋና ይቀበለው ነበር።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ደንቡ ሌላ ነው። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ላይ ሲወጣ ያለው መብራት ዳገት ላይ ስለሆነ የእጅ ፍሬናቸው የሞተ አሮጌ መኪኖች ሲቆሙ ወደኋላ ይንሸራተታሉ። ለእነሱ ማሙሸት ነበረላቸው። ማሙሸት አርባ ያለፈው ቀጭን ሰው ነው። ድሮ ተሸካሚ ነበር፤ ወገቡ እምቢ ሲለው ሸክሙን ትቶ አንድ ድንጋይ ያዘ። ቀይ ሲበራ በመኪኖቹ መካከል ገብቶ ጎንበስ ይልና ድንጋዩን ከኋላ ጎማ ሥር ይሸጉጣል፤ ከዚያ የመኪናውን ገላ በመዳፉ ሁለት ጊዜ ይመታል። ድንጋዩ ገብቷል፣ እግርህን ከፍሬኑ አንሳ ማለት ነው። ሾፌሩ ሲለቅ መኪናው አንድ ጣት ያህል ወርዶ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ እዚያ ዳገት ላይ ከኋላ የሚቆም ሾፌር፣ ጠሃም ቢሆን፣ አንድ ክንድ ቦታ ይተዋል። ሾፌሮቹ “የማሙሸት ክንድ” ይሏታል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጠሃ የጭነት መኪናውን ሞልቶ ዳገቱን ሲወጣ ከፊቱ የቆመው የጋሼ አስናቀው ፒክአፕ ነበር። ጋሼ አስናቀው ስልሳ ያለፋቸው፣ ከሰው ጋር ተጣልተው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። የእጅ ፍሬናቸው መሞቱን የማያውቅ የለም። “ለፋሲካ አሠራዋለሁ” ይላሉ፤ እንዲህ እያሉ ሁለት ፋሲካ አልፏል።

መብራቱ ቀይ ሆነ። ጠሃ ያችን አንድ ክንድ ቦታ ትቶ ቆመ። ማሙሸት ድንጋዩን ታቅፎ ሲገባ በዓይኑ አየው። የራሱ መኪና ከፍ ያለ ስለሆነ ሰውየው ጎንበስ ሲል ከዓይኑ ተሰወረ። ወዲያው ሁለቱ ምቶች ተሰሙ፤ ኳ፣ ኳ። ጠሃ በደንብ ሰማቸው። በዚያው ቅጽበት ከቀኝ በኩል አንዲት ነጭ የቤት መኪና አፍንጫዋን ወደዚያች አንድ ክንድ ቦታ ማስገባት ጀመረች።

ደሙ ፈላ። ማሙሸት በሌላው በኩል ወጥቷል ብሎ አስቦ ነበር ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ምንም አላሰበም። የአሥራ አራት ዓመት ልማድ እግሩን አዘዘው፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ፣ ነዳጁን ነካ አደረገ። የጭነት መኪናው ከአንድ ክንድ በላይ አልሄደም። ነጯ መኪና መግቢያ አጥታ ወደኋላ አፈገፈገች። ከዚያ ነው ጩኸቱ የተሰማው። አንዴ ብቻ ነበር፣ አጭር ነበር።

ጠሃ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። ማሙሸት በሁለቱ መኪኖች መካከል ከደረቱ ተጣብቆ ቆሟል። ጠሃ “እኔ ነኝ” ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ ይህን አላህ ያውቃል። ጋሼ አስናቀው ቀደሙት።

“ገደልኩት! ወየው ገደልኩት! ለቀቅኩትና ወረደች!” እያሉ ራሳቸውን ይመታሉ።

ሰው ከየሱቁ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ነጯ መኪና በግርግሩ መሃል ሾልካ ሄዳለች። ፒክአፗን ወደፊት ገፍተው ማሙሸትን አወጡት፣ በአንድ ታክሲ ጭነው ወደ ሐኪም ቤት ከነፉ። ሁሉም ያንን ሲያይ ጠሃ አስፋልቱን አየ። ድንጋዩ ፒክአፗ በቆመችበት፣ የኋላ ጎማዋ በነበረበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሏል። ድንጋይ የገባለት መኪና ወደኋላ አይሄድም። ይህን ያየ ሰው ማን እንደተንቀሳቀሰ ለማወቅ ትራፊክ መሆን አያስፈልገውም። ጠሃ ሦስት ልጆቹንና ሚስቱን ሪሐናን አሰበ፣ መንጃ ፈቃዱን አሰበ፣ ወህኒ ቤቱን አሰበ። ከዚያ ድንጋዩን በጫማው ጫፍ ገፋ፣ ገፋ አድርጎ መንገዱ ዳር ያለው የጎርፍ ቱቦ ውስጥ ጣለው።

ትራፊኩ መጣ። የፒክአፗን የእጅ ፍሬን ሳበና እግሩን ለቀቀ፤ ፒክአፗም በሰው ሁሉ ፊት ወደኋላ ተንሸራተተች።

“ይኸው!” አለ ትራፊኩ። ወደ ጠሃም ዞሮ “አንተ ቆመህ ነበር?” ሲል ጠየቀው።

“ቆሜ ነበር።”

“በል ሂድ፣ ስንፈልግህ እንጠራሃለን።”

ማሙሸት ሐሙስ ጠዋት አንዲት ቃል ሳይናገር ሞተ። ጠሃ ለቅሶ ደረሰ። የማሙሸት ሚስት ሰብለ ወንጌል እጁን ይዛ “ሲያነሱት አብረኸው ነበርክ አሉኝ፤ ብድርህን ፈጣሪ ይክፈልህ” አለችው። ለሪሐና እንኳ ትንፍሽ አላለም። ሆድ ይፍጀው አለ፤ ሆዱም ይፈጀው ጀመር። እህል ከአፉ ሲደርስ ያ አጭር ጩኸት ጆሮው ላይ ይመጣበታል።

ቅዳሜ ፖሊስ ጣቢያ ተጠራ። እዚያ ለታሰሩት ለጋሼ አስናቀው ምሳ ቋጥሮ ሄደ፤ ለምን እንደቋጠረ ራሱም አያውቅም። መርማሪው ወረቀቱን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሽማግሌው ቃላቸውን አልሰጥም ብለው አራት ቀን እንዳስቸገሩት ነገረው።

“መጣህልኝ?” አሉ ጋሼ አስናቀው። በአራት ቀን ውስጥ ፊታቸው አመድ መስሏል። “የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ጥፋቴን አልክድም፣ ያን ፍሬን ሳላሠራ መንዳቴ የኔ ነው። ግን ሁለቴ መታ ሲያደርግ የሰማሁ ይመስለኛል። ሰምቼ የለቀቅኩት ይመስለኛል። ከሰማሁ ድንጋዩ ገብቶ ነበር ማለት ነው፤ ከገባ ደግሞ እንዴት እወርዳለሁ? ካልሰማሁ ግን ሰውየውን የገደልኩት በችኮላዬ ነው። አንተ ከኋላዬ ነበርክ። ሰምተሃል?”

ጠሃ የቋጠረውን ምሳ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። መርማሪው እስክሪብቶውን አንስቶ ይጠብቃል።

“አልሰማሁም ጋሼ።”

“ወላሂ በለኝ። በሃይማኖትህ እንደማትቀልድ አውቃለሁ። ወላሂ በለኝና ልረፍ።”

እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ ጠሃ ያችን ቃል ፈለጋት፣ ከሆዱ አልወጣችለትም።

“ወላሂ አልሰማሁም።”

ሽማግሌው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። “እንግዲያው ያረጀው ጆሮዬ ነው” አሉ። እጃቸውን ዘርግተው ትከሻውን ያዙት። “እግዜር ይስጥህ። ሌላ ሰው ቢሆን ለኔ አዝኖ ሰምቻለሁ ይለኝ ነበር።” ወደ መርማሪው ዞሩ። “ጻፍ ልጄ። ድንጋዩ ሳይገባ ለቀቅኩት በልና ጻፍ።”

መርማሪው ጻፈ፣ አነበበላቸው፣ ጋሼ አስናቀው ፈረሙ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ጠሃ ገፋ አድርጎ በጣቱ “ምስክር” የሚለውን መስመር አሳየው።

ጠሃ ምሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፈረመ።