መቀርቀሪያ ለመኝታ ቤቴ

ልጄ የመዋዕለ ሕፃናት ርዕሰ መምህርት ናት። ለወላጆች ስብሰባ ብላ የሳለችው ትልቅ ወረቀት ሰሞኑን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የሰው ልጅ ከውልደት እስከ ሞት በአእምሮው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች ናቸው አሉ። ከታች ጡት የምትጠባ ሕፃን አለች፤ ቀጥላ "ራሴ!" የምትል ድክ ድክ ባይ፣ ከዚያ ተማሪ፣ ከዚያ በር ዘግታ ያኮረፈች ኮረዳ፣ ከዚያ ሙሽራ፣ ከዚያ እናት። መጨረሻ ላይ አንዲት አሮጊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው፤ ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል። ከሥሯ "ያለፈውን በሰላም መቀበል" የሚል ተጽፏል።

"ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?" አልኳት።

"ምንም አልሆነችም እማዬ። እያሰላሰለች ነው።"

"ቢያንስ መርፌና ክር ስጫት። ሥራ ፈት አስመሰልሻት እኮ።"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ ነበርኩ ማለት አልወድም። ዛሬም ጎረቤት ጨርቅ ይዞ ከመጣ የስፌት መኪናዬ አቧራዋን አራግፋ ትነሳለች።

እዚህ ቤት የምንኖረው እኔ፣ ልጄ፣ ባሏና ሦስት ዓመቷን የያዘች የልጅ ልጄ ነን። ትንሿን ሚጢጢ ነው የምንላት። ሚጢጢ አሁን "ራሴ" የምትልበት ላይ ናት። ጫማዋን ራሴ፣ ሾርባዋን ራሴ፣ የሹራቧን ቁልፍ ራሴ። ጠዋት ጠዋት የግራውን ጫማ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አድርጋ እስክትጨርስ ሁላችንም በር ላይ ተገትረን እንጠብቃታለን። ልጄ "አትንኳት፣ ደረጃዋ ነው" ትለናለች። እኔ ጫማዬን ላስር ጎንበስ ስል ግን ሮጣ መጥታ ማሰሪያውን ከእጄ ትነጥቀኛለች። "ራሴ" ካልኩ "ኧረ አትገግሚ እማዬ" እባላለሁ። የሚጢጢ "ራሴ" እድገት ነው፣ የእኔ "ራሴ" ግትርነት።

ጫማው ይቅር ግድ የለም። የተጣላነው በበር ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት ምሳ በልቼ ጋደም ብዬ ነበር። ግራ ጆሮዬ ደከም ብሏል፤ በቀኝ ጎኔ ከተኛሁ ደህናው ጆሮዬ ትራስ ውስጥ ይቀበራል። ልጄ አንኳኳች፣ ጠራች፣ ጮኸች። አልሰማሁም። ባሏ በሩን በትከሻው ገጭቶ መቀርቀሪያውን ከነብሎኑ ነቀለው። ዓይኔን ስገልጥ ሁለቱም፣ ጎረቤታችንም ተጨምሮ፣ ራስጌዬ ቆመዋል፤ እኔ በውስጥ ልብስ። ልጄ ላዬ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው፤ የዚያን ቀን ክፉ ቃል አልወጣኝም። በሩ ከአናጢው ሲመለስ ግን መቀርቀሪያም ቁልፍም አልነበረውም።

"ለደህንነትሽ ነው" አለችኝ።

አማቼ ደግ ሰው ነው፤ ማኩረፌን ሲያይ ሊያስታርቀን ሞከረ። "እማማ፣ በሩ ላይ ከውስጥ በኩል መጋረጃ እንስቀልልዎት?" አለኝ። ለእኔ! ዕድሜ ልኬን የሰው መስኮት ስሸፍን ለኖርኩት!

"ልጄ፣ መጋረጃ ዓይንን ነው የሚከለክለው። እናንተ የምትገቡት በእግራችሁ ነው" አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ክፍሌ መንገድ ሆነ። ልጄ የታጠበ ልብስ ልታስቀምጥ ትገባለች፣ አማቼ ቻርጀር ሊፈልግ ይገባል። ሚጢጢን እናቷ "የአባቢና የእማሚ በር ከተዘጋ ይንኳኳል" ብላ አስተምራታለች። የእኔ በር ትምህርቱ ውስጥ አልገባም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የኢንተርኔት መስመር የሚያስተካክል ወጣት ሠራተኛ መጣ። ገመዱ የሚገባው በእኔ ክፍል መስኮት ነው። እኔ ቀሚሴን ከላይ እያጠለቅኩ ነበር። ጭንቅላቴ ገና አልወጣም፤ ሆዴና ጉልበቴ ሜዳ ላይ ነው። በሩ ተከፈተ።

"ይቅርታ! ሰው አለ" አለ ሠራተኛው።

ልጄ ከኋላው ሆና "ግባ ግባ፣ እማዬ ብቻ ናት" አለችው።

ሰውዬው ፊቱን አዙሮ ወጣ። ያፈረው እሱ ነው። ልጄማ ገመዱ የት ጋ እንደሚያልፍ እያሳየችው ወደ ሳሎን ሄደች። እኔ ቀሚሱ ውስጥ እንዳለሁ ደርቄ ቆምኩ። እማዬ ብቻ! ሰው የሆነ ደረጃ ላይ ሲደርስ ሰው መሆኑ ይቀራል እንዴ? ያቺ ግድግዳው ላይ ያለችው አሮጊት ዓይኗን ለምን እንደከደነች ያኔ ገባኝ። ማን እንደሚገባባት ላለማየት ነው።

ለባብሼ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ።

"የት ነው? ማን ይከተልሽ?" አለች ልጄ።

"ጥላዬ" ብያት ሄድኩ።

የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ገብቼ መቀርቀሪያ ስል ባለሱቁ ትንሽ ጣት የምታህል ነገር አወጣልኝ። "ለቁም ሣጥን ነው እማማ?"

"ለመኝታ ቤቴ ነው። ትልቁን አምጣ።"

"ልጆችዎ ያውቃሉ?"

ደሜ ፈላ። "አንተ ሚስት ስታገባ እኔን አስፈቅደሃል?"

ሳቀና ትልቁን አመጣ። የሚገጥም ሰው ልላክልዎት ወይ ሲለኝ "እጄን ቤት ረስቼ የመጣሁ መሰለህ?" አልኩት።

ካቻቪቴዬ ስፌት ሣጥኔ ሥር ነው የሚቀመጠው። የመጋረጃ ዘንግ ልሰቅል ብዬ ያልበሳሁት ግድግዳ አልነበረም። በምስማር ቀዳዳዎቹን አስጀመርኩ፣ ብሎኖቹን በቀላሉ እንዲገቡ ሳሙና አስነካሁ፣ ማጥበቅ ጀመርኩ። አልዋሽም፣ አንዱ ብሎን ተጣሞ ገባ። ተጣሞም ይይዛል ብዬ ተውኩት።

ሚጢጢ ድምፁን ሰምታ ከች አለች። "እኔ! ራሴ!" ብላ እጇን ዘረጋች።

"የለም። ይሄ የእኔ ነው" አልኳት። "እኔም ራሴ።"

አፏን ከፍታ አየችኝ። ሌላ ሰውም "ራሴ" ማለት እንደሚችል ያን ቀን ነው የሰማችው።

የመጨረሻውን ብሎን ሳጠብቅ የድሮው መቀርቀሪያ ትዝ አለኝ። ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ እያለ ቤታችን ሁለት ክፍል ነበር። በአንዱ እንኖራለን፣ ሌላው የእኔ የጨርቅ መጋዘን ነው። አንድ ቀን ፍራሿን ጎትታ በጨርቅ ጥቅሎቹ መሐል አነጠፈችና ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ካልተገጠመልኝ አለች። አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "በገዛ ቤቴ በር ሊዘጋብኝ?" ብሎ ቤቱን ቀወጠው። ተጣልቼው ገዝቼ የገጠምኩላት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ጨርቅ በፈለግኩ ቁጥር የራሴን መጋዘን አንኳኳ ነበር። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ እሷ ከውስጥ "ቆዪ!" ትለኛለች። ምን ትሠራ እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ምንም አትሠራም ይሆናል። ግን ቆሜ እጠብቃት ነበር።

ሚጢጢን አስወጥቼ በሩን ዘጋሁና መቀርቀሪያውን ገፋሁት። ቀጭ አለ። እንዴት ደስ አለኝ!

ምሳ ሲደርስ ልጄ እንደ ልማዷ በሩን ገፋችው። እምቢ አላት።

"እማዬ? ምንድን ነው ይሄ?"

"መቀርቀሪያ ነው።"

"በይ ክፈቺ!"

"አንኳኪያ።"

"ኧረ በናትሽ የልጅ ጨዋታ አትጫወቺ! ወድቀሽ ብትቀሪስ? እንደዚያን ቀን ባትሰሚስ?"

"ከዛሬ ጀምሮ በግራ ጎኔ ነው የምተኛው፤ ደህናው ጆሮዬ ወደ ላይ ይሆናል። ከወደቅኩ ደግሞ ስበሩት። አንዴ ሰብራችሁት የለም እንዴ? በር ይጠገናል። እስክወድቅ ድረስ ግን ታንኳኳላችሁ!"

ባሏን ጠራችው። "ካቻቪቴ አምጣና ንቀልልኝ!"

መጥቶ በሩን ነካ ነካ አደረገው። "ብሎኑ እኮ በእሳቸው በኩል ነው" አላት ቀስ ብሎ።

አፌን በእጄ አፍኜ ሳቅኩ። ሳቄ ግን አልቆየም፤ ልጄ በሩን ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች።

"ያን ቀን የሞትሽ መስሎኝ ነበር" አለች። "ለምን እንደማላንኳኳ ታውቂያለሽ? አንኳኩቼ ዝም ብትይኝስ? በሩን ዝም ብዬ ስገፋው ይሻለኛል። ቶሎ አይሻለሁ።"

ይህን አላውቅም ነበር። እጄ ሳላዝዘው ወደ መቀርቀሪያው ሄደ። ልጄ ናት፤ ስታለቅስ ከፍቼላት የማላውቅ እናት አይደለሁም። ግን ያ ቃል፣ እማዬ ብቻ የሚለው፣ ጆሮዬ ውስጥ ነው፤ በደህናው። እጄን መለስኩት።

"አልሞትኩም" አልኳት። "ለሞተ ሰው አይንኳኳም። እኔ አለሁ። አንኳኪ።"

የአማቼ እርምጃ ወደ ወጥ ቤት ሲሄድ ሰማሁ። እሷ አልሄደችም። አፍንጫዋን ሳብ አደረገች። በሩ ቀስ ብሎ፣ በሁለት ጣት፣ ተንኳኳ።

"ማነው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ እማዬ።"

"ቆዪ!"

ከውጪ ከለቅሶዋ መሐል ሳቅ አፈትልኮ ወጣ፤ መጋዘኑ ትዝ እንዳላት አወቅኩ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የምሠራው ነገር አልነበረኝም። ማበጠሪያዬን አንስቼ ፀጉሬን ሳልቸኩል አበጠርኩ።

ቆማ ጠበቀችኝ። ከዚያ ተነሳሁና በገዛ እጄ ከፈትኩላት።