የኋላ ማርሽ ያልነበረው ትራክተር

ፋብሪካው ስልሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሥራ አስኪያጁ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋን አስጠርቶ የድርጅቱን ታሪክ በአንድ ትንሽ መጽሐፍ እንድታዘጋጅ አዘዛት። ሠራተኛው «እሜቴ ፋይል» ነው የሚላት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ወረቀት ጠፍቶባት አያውቅም፤ ይህንንም ለሰው ሳትናገር ውላ አታድርም።

«በተለይ መፈክራችን!» አላት ሥራ አስኪያጁ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የፋብሪካውን መሥራች፣ የአያቱን ፎቶ በአገጩ እያመለከተ። «‹ወደኋላ የማይል ትራክተር!› አያቴ ይህን ሲል ምን አስቦ እንደነበር ለአንባቢው ግልጽ ይሁን። ራእይ ነው፤ ፍልስፍና ነው።»

እሜቴ ፋይል ፍልስፍናውን ፍለጋ ካርቶን ሳታስቀር በረበረች። ያገኘችው የመጀመሪያውን ትራክተር የአጠቃቀም መመሪያ ነው። ገጽ አሥራ አንድ ላይ «ወደኋላ መመለስ ካስፈለገ አራት ጠንካራ ሰዎች ይጥሩ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። መነጽሯን ጠርጋ እንደገና አነበበችው።

በማግስቱ ጋሽ መፍቻ ቤት ሄደች። ጋሽ መፍቻ ፋብሪካው ሲቋቋም በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የተቀጠሩ መካኒክ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቢቆዩም ቤታቸው ውስጥ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ሲጢጥ የሚል በር የለም። የግራ እጃቸው ሌባ ጣት ግን ከጎደለ ቆይቷል።

«ፍልስፍና?» አሉና ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ልጄ፣ የኋላ ማርሽ ስላልነበረው እኮ ነው!»

«አልገባኝም፣ ጋሼ።»

«መሥራቹ ሰውዬ ብረት ነጋዴ ነበር። አፉ ቅቤ ነው፤ ግን ብሎን ከዳዶ አይለይም። ሞተሩንም ካምቢዮውንም የነደፉት እትዬ ናቸው፣ ሚስቱ። የመጀመሪያው ትራክተር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ራዲያተሩ ላይ የማን ስም ይጻፍ በሚል ተጣሉ። እሱ ሆዬ ሳያማክራቸው የራሱን ስም በነሐስ አስቀርጾ መጣ። እትዬ የቀረውን የኋላ ማርሽ ንድፍ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ሸጎጡና ወጡ። ከወንዙ ማዶ የራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ። የእኛ ትራክተር ቀይ ስለነበር የእሳቸውን ሰማያዊ ቀቡት።»

«እናንተስ ዝም አላችሁ?»

«ልንሠራው ሞከርን እንጂ! ሁለት ካምቢዮ ፈነዳብን፤ አንደኛው ጣቴን ይዞ ሄደ። ሰውየው ግን መላ አያጣም፤ ‹ወደኋላ የማይል ትራክተር› ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሕዝቡ ተሻማልሽ! ገበሬው ጋራዡን ከጀርባ ቀዶ ሁለተኛ በር አወጣ፤ በአንዱ ያስገባል፣ በሌላው ያስወጣል። ሻጮቻችን ‹አየር እንዲገባ ነው› ይሉ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰውየው እኔን ገበሬ አስመስሎ፣ ጥቁር መነጽር አስደርጎ፣ ሰማያዊ ትራክተር ገዝቼ እንድመጣ ላከኝ። ፈታተን ልንቀዳው ነው። እትዬ ራሳቸው ናቸው ያስረከቡኝ። አላወቁኝም ብዬ ልቤ ተረጋጋ። ሞተሩን ሳስነሳ ጠጋ ብለው ‹ስትፈቱት ከግራ በኩል ጀምሩ፤ አለዚያ ትሰብሩታላችሁ› አይሉኝም!»

«አወቁዎት?»

«ገና ስገባ። ‹ታዲያ ለምን ይሰጡናል?› አልኳቸው። ‹የበደለኝ ባሌ ነው፤ ገበሬው ምን አደረገኝ?› አሉኝ።»

እሜቴ ፋይል የሰማችውን አንድም ሳታስቀር ጽፋ አቀረበች። ሥራ አስኪያጁ ሲያነብ ጆሮው ቀላ። ሴትዮዋ ለእሱም አያቱ ናቸው፤ ቤተሰቡ ውስጥ ግን ስማቸው አይነሳም።

«ይሄ በበዓላችን ቀን ይታተም?»

«እውነት ነው፣ ጌታዬ።»

«እውነትማ ሞልቷል፤ ሁሉም አይታተምም።» ጽሑፉን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። «ይልቅ የመጀመሪያውን ትራክተር እኔው እየነዳሁ አዳራሽ እገባለሁ።»

«ሲወጡስ?»

«ሲወጡስ ማለት?»

«ምንም» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሥራ አስኪያጁ በሚያብረቀርቀው ቀይ ትራክተር ላይ ተቀምጦ፣ በአንድ እጁ ሰላምታ እየሰጠ ገባ። መድረኩ አጠገብ ሲደርስ ፍሬኑን ረገጠ። ፍሬኑ ስልሳ ዓመቱ ነው፤ ለማሰብ ጊዜ ወሰደ። ትራክተሩ መድረኩን አልፎ አፍንጫውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ማርሹን ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ሳበ፣ ወደ ጎን ወዘወዘ። እንግዶቹ የሚያዩት ጀርባውን ብቻ ነው። ጀርባው በላብ ራሰ።

ጋሽ መፍቻ ከፊተኛው ወንበር ብድግ ብለው «አራት ጠንካራ ሰዎች!» ብለው ጮኹ።

አራት በያጆች መጥተው ትራክተሩን ከነሥራ አስኪያጁ ወደኋላ ጎተቱት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጁ ወርዶ ማይኩን ያዘ፤ ስለ ራእይ የተጻፈለትን ንግግር ከኪሱ አወጣ። አየው። መልሶ ከተተው።

«እሜቴ ፋይል፣ ያንን መመሪያ አምጪልኝ» አለ። በዚህ ስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው። መመሪያው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።

ገጽ አሥራ አንድን አነበበላቸው። ከዚያ ታሪኩን ነገራቸው። አነጋገሩ አያምርም፤ የኋላውን ከፊት፣ የፊቱን ከኋላ እያደረገ ነው። «ገበሬው ምን አደረገኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ «አያቴ ናት» ብሎ ተቀመጠ።

ከበዓሉ በኋላ የተቆለፈበት ጽሑፍ ከመሳቢያው ወጣ። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል የሴትዮዋ ፎቶ ተፈለገ። ቀዩ ፋብሪካ ውስጥ አንድም የለም። እሜቴ ፋይል ወደ ሰማያዊው ፋብሪካ ስልክ ደወለች፤ ከዚያ እየሳቀች ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«ፎቶው አለ። ግን እነሱም የራሳቸውን ታሪክ አሳትመዋል። እዚያ ላይ አያትዎ መበለት ናቸው። ባላቸው ገና ፋብሪካው ሳይከፈት ሞቷል።»

«ሞቷል? ወንዝ ማዶ ቁጭ ብሎ ሠላሳ ዓመት ትራክተር ሲሸጥባት አልነበረም እንዴ!»

«እዚያ ግን ሞቷል።»

ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ሲበቃው ኮቱን አነሳና ራሳችን ሄደን እናምጣው አላት። ድልድዩን ተሻግረው ሰማያዊው በር ላይ ሲደርሱ ዘበኛው በመስኮቱ ብቅ አለ።

«ማን ልበል?»

«የሟቹ የልጅ ልጅ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ዘበኛው ባርኔጣውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» አለና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተላቸው።